ቋጠሮው ሳይፈታ የተመለሰው ረቂቅ

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከጀመሩ ጊዜ ጀምሮ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

ዕድሜዬ 31 ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ቀን ካርቶን እቆጥራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። አራት ዓመት የፈጀ አንድ ልቦለድ አለኝ። ባቲ ከተማ ሻይ ቤት ያላት የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያው ሲቆም ከአፋር በኩል ግመል የሚነዱት፣ ከደጋ እህል የሚያወርዱት፣ የመኪና ረዳቶቹ፣ ሁሉም በእሷ ቤት ያልፋሉ። በጥቅምት 2014 ከኮምቦልቻ ስንሸሽ እናቴ «ልብስህን ያዝ» ስትለኝ እኔ ሦስቱን ደብተሮች በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

በኋላ በኮምፒውተር አስጻፍኩት፤ 412 ገጽ ሆነ። ለአምስት አሳታሚዎች ሰጠሁ። በየጊዜው ፈቃድ እየወሰድኩ፣ በሌሊት እየተነሳሁ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው የሰጠሁት። የመጀመሪያው ሳያየው «ልቦለድ አሁን አንቀበልም» አለኝ። ሁለተኛው «ወረቀት የት ደረሰ መሰለህ?» ብሎ ሸኘኝ። ሦስተኛው «የወጪውን ግማሽ ከቻልክ እንነጋገር» አለ። አራተኛው ዘጠኝ ወር አቆየው። ስደውል «እየታየ ነው» ይሉኛል። ሄጄ ተቀበልኩ። ረቂቁን በሲባጎ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አባቴ የጤፍ ጆንያ የሚቋጥርበት አስተሳሰር ነው፣ እኛ ቤት ካልሆነ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ቋጠሮው እንዳለ ነበር። አልተፈታም። አውቶቡሱ ጣርማበር እስኪደርስ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አለቀስኩ።

አምስተኛው አነበበው። አንድ ገጽ አስተያየትም ጻፈልኝ። «ቋንቋህ ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ አይነሳም። የአካባቢ ቃላትም በዝተዋል፤ አንባቢ አይገባውም» ይላል። አብሽርን፣ ጀባን፣ መርሐባን፣ ሀድራን በቀይ አስምሮባቸዋል።

አሁን ማታ ደብተር ስከፍት እጄ አይታዘዘኝም። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «የልጄ መጽሐፍ ሊወጣ ነው» ብላለች። «መቼ ነው?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ «ከብድርና ቁጠባ ተበደርና ራስህ አሳትመው» ይለኛል። ልተወው? ልበደር? ወይስ ወሎነቱን አውጥቼ እንደ አዲስ አበባ ሰው ልጻፈው?

የመጋዘኑ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ አብሽር።

ቀይ ያሰመሩባትን ቃል ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። በዚህች ቃል ያልተጽናና ወሎዬ አላውቅም። ወደ ቃላቱ ቆይተን እንመለሳለን።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቋጠሮው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። እኔም የተመለሰ ረቂቅ ተቀብያለሁና ነው። ደሴ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር 22 ዓመት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያ ልቦለዴ በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመልሶብኛል። አንዱ ሲመለስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ነበረበት። ሁለተኛው ገጽ ግን እንደሰጠሁት ንጹሕ፣ ጠርዙ እንኳ ያልታጠፈ። ዘጠኝ ወር የስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ይሆን ብዬ ሳስብ አደርኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ፒያሳ የመጻሕፍት መደብር ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ እሻገር ነበር። ስለዚህ «ምንም አይደለም፣ ይለፍልህ» አልልህም። ያማል። ያንተ ደግሞ ከጦርነት ያወጣኸው ነው።

ግን አምስት ጊዜ ተመለስኩ ያልከውን አብረን እንየው።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ መጽሐፍህን አልመለሱትም። አላነበቡትማ። የመለሱት የወረቀቱን ወጪ ነው። አንድ አሳታሚ ማተሚያ ቤት የሚከፍለው ቀድሞ ነው። ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ ይገባል፣ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። መጽሐፉ ሲታተም አከፋፋዩ በዱቤ ይወስደዋል፣ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፣ የተሸጠውን ከወራት በኋላ ይከፍላል። ያልተሸጠው ይመለሳል። ጥቂት ሸጥ ሸጥ እንዳለ ደግሞ አንዱ ገጹን በስልኩ አንስቶ ፒዲኤፍ ያደርገውና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። በዚህ መሐል ስሙ ያልተሰማ ሰው 412 ገጽ ልቦለድ ይዞ ሲመጣ፣ አሳታሚው የሚያየው ሻይ ቤቷን ሴት አይደለም። የሚያየው 412 ገጽ ወረቀት ነው። ትርጉም ሥራ፣ የታሪክና የፖለቲካ መጽሐፍ፣ ስሙ የታወቀ ደራሲ ሲመጣለት እጁ ወደዚያ ይሄዳል።

ይህን የምልህ ያደረጉብህን ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ዘጠኝ ወር ይዞ፣ ሳይፈቱ፣ «እየታየ ነው» ማለት ውሸት ነው። ነውርም ነው። አንድ ሰው 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሰጣቸውን «አናነብም» ብሎ በሳምንቱ መመለስ ምን ይገድ ነበር? አሳታሚዎች ይህን ዓምድ ካነበባችሁ እባካችሁ፤ «አይሆንም» የሚለው ቃል አይገድለንም፤ መጠበቁ ነው የሚገድለን።

ስለዚህ መጽሐፍህ የተመለሰው አንድ ጊዜ ነው፤ በአምስተኛው። እሱም 412 ገጽ አንብቦ፣ ሳይከፈለው አንድ ገጽ ጽፎልሃል። አመስግነኸዋል? ካላመሰገንከው ዛሬ ጻፍለት። ያቺ አንድ ገጽ እስካሁን ከለፋህበት ሁሉ ያገኘኸው ትልቁ ነገር ናት፤ አንተ ግን ከሌሎቹ አራቱ ጋር አንድ ላይ አስረህ ሐዘን ውስጥ ከተሃታል።

የጻፈልህ ሁለት ነገር ነው። አንዱን ረቂቅህን ሳላይ አምነዋለሁ። ሌላውን አልቀበለውም።

የማምነው «እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ አይነሳም» ያለውን ነው። የምንወደውን ቦታ ስንጽፍ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ እናበዛለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያወቅኩት ግን በአሳታሚ አይደለም፤ በጎረቤቶቼ ነው።

ስድስተኛው ሲመልሰው ክረምት ነበር። ደሴን ታውቃታለህ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ አይታይም። እቤት ቡና ተፈልቶ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። አንዷ «ያ የምትጽፊው ነገር ምን ደረሰ?» አለችኝ። መመለሱን መናገር አፈርኩ። ከማፈሬ የተነሳ አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። አቦል ላይ ጀመርኩ፣ በረካ ላይ አቆምኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀጠልኩ። በዚህ ዓይነት ክረምቱን በሙሉ አነበብኩላቸው።

እንዴት እንደሚሰሙ ልንገርህ። ታሪኩ ሲይዛቸው የቆሎው ሳህን ይቆማል። ስኒ የያዘችው ስኒዋን ትረሳዋለች። ሲለቃቸው ደግሞ የምታፈላዋ ማራገቢያውን ታነሳና ደህና የነደደውን ከሰል ታራግባለች። አንዷ ልጇን ትቆጣለች። ሌላዋ «ወጥ ጥጄ መጥቼ» ትላለች። አንዳቸውም «ሰለቸኝ» አላሉኝም፣ ጨዋ ናቸው። እኔ ግን እርሳስ ይዤ ነበር። ማራገቢያው በተነሳ ቁጥር ዳር ላይ ጭረት አደርጋለሁ።

ከመሐላቸው አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ዝም ብለው ቆይተው «ልጄ፣ ያቺ ልጅ ውሃ ልትቀዳ ከወጣች ቆየች። መቼ ነው የምትመለሰው?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩ። ልጅቷን እንስራ አሸክሜ ካስወጣኋት በኋላ 11 ገጽ ሙሉ ስለ ጉሙ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ባሕር ዛፉ ጽፌያለሁ። ልጅቷን መንገድ ላይ ጥያት! በዚያው ሌሊት 11ዱን ገጽ ግማሽ ገጽ አደረግኩት። የክረምቱ ጭረት ሁሉ ሲሠራ 380 የነበረው 290 ገጽ ሆነ። ሰባተኛው አሳታሚ የተቀበለው ያንን ነው። ስድስቱ ቢቀበሉኝ ኖሮ የሚታተመው ልጅቷ ዳገት ላይ የቀረችበት ይሆን ነበር።

እኛ አገር ልቦለድ በጆሮ የሚሄድ ነገር ነው። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ነው። በዛብህንና ሰብለን በዓይኑ አንብቧቸው የማያውቅ ስንት ሰው አለቀሰላቸው። ያ ሁሉ ገጽ በጆሮ ሲሄድ የሚሰማው ሰው አልተነሳም። ያንተም በጆሮ ይፈተን።

ለማን ታነባለህ? ለእናትህ። እናትህ ለጎረቤት የምታወራለት መጽሐፍ ምን እንደሚል ታውቃለች? ከጦርነት ስትሸሹ ከልብስህ ያስበለጥከው ደብተር ውስጥ ምን እንዳለ ሰምታለች? ካልሰማች እሑድ ቡና ይፈላ፣ ጎረቤቱ ይጠራ፣ አንተ አንብብ። «መቼ ነው የሚወጣው?» ሲሉህ «አሳታሚ አላገኘሁም፣ እያስተካከልኩት ነው፣ እስቲ ስሙልኝ» በላቸው። እመነኝ፣ ይህን አንዴ ጮክ ብለህ ከተናገርክ በኋላ ጎረቤትህን አትሸሽም።

የማልቀበለው ደግሞ የቃላቱን ነገር ነው። አስተያየቱን የጻፈልህን ሰው አከብራለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። ሴትዮዋ ስኒውን ዘርግታ «ጀባ» ስትል አንባቢው ምን እንደተባለ ይጠፋዋል? ሽማግሌው «ግቢ፣ ተቀመጪ» ሲሏት «መርሐባ» ብላ ብትቀመጥ መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ማን ነው? ባቲ ላይ ሻይ የምትቀዳ ሴት እንደ ቦሌ ልጅ ካወራች አንባቢ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይተዋታል። እንደምትዋሽ ያውቃላ። የእኛ አገር ቋንቋ ዱዓው፣ መንዙማው፣ ማኅሌቱ፣ ለቅሶው ተዋህዶ የወጣ ነው። እሱን አውጥተህ የምታስቀምጥበት ሌላ ነገር የለህም።

አንድ ነገር ግን ራስህ ፈትሽ። ቃሉ ከሰዎቹ አፍ ነው የሚወጣው ወይስ አንተ ወሎነትህን ልታሳይ እየደረደርክ ነው? አንድ ገጽ ላይ አምስቱ ከተሰለፉ ሁለቱ ያንተ ናቸው፣ የእሷ አይደሉም። እነሱን አውጣ። አንድን ቃል ለማስረዳት ሦስት ዓረፍተ ነገር ካወጣህ ደግሞ ማብራሪያውን ሰርዝ፣ ቃሉን ተው።

ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልቦለዱን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በእናት ቋንቋው በኢግቦ ቃልና ተረት ሞላው። የለንደን አሳታሚዎች የአፍሪካ ልቦለድ ገበያ የለውም ብለው መልሰውታል። በ1958 እ.ኤ.አ. አንዱ 2,000 ቅጂ አሳተመለት። ዛሬ ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይነበባል። የኢግቦ ቃል ስላለበት የተወው አንባቢ አልሰማሁም። ለአንተ ይበልጥ የሚጠቅምህ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። አቼቤ በእጁ የጻፈውን ብቸኛ ቅጂ በታይፕ እንዲመቱለት ክፍያውን ጨምሮ ለንደን ላሉ ሰዎች ላከ። ገንዘቡን ተቀብለው ለወራት ዝም አሉት። አለቃው የነበረች ሴት ለንደን ስትሄድ ቢሯቸው ድረስ ገብታ ባትጠይቅለት ኖሮ ረቂቁ እዚያው በጠፋ ነበር። አሳታሚህ ቋጠሮውን ሳይፈታ ዘጠኝ ወር ሲያስቀምጠው ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ያንተ ረቂቅ ስንት ቦታ አለ? ዛሬ ማታ ለራስህ በኢሜይል ላከው። አንድ ፍላሽ ላይ አድርገህ ዘመድ ቤት አስቀምጥ። ደብተሮቹን አትጣል። «ይሰርቁኛል» የሚል ስጋት ካለህ ደግሞ፣ የቅጅ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራህን የሚጠብቅልህ ከጻፍክበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እስክታስመዘግብ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ግን የጻፍከውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። «ባቲ ላይ ሻይ ቤት ያላት ሴት» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊያነሳው ይችላል። ቀን ያለበት ቅጂ በእጅህ ይኑር።

ወደ ብድሩ እንምጣ። አትበደር። አሁን አትበደር። ጓደኛህ የሚልህ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ማርሴል ፕሩስት የሚባለው ፈረንሳዊም አሳታሚዎች ሲመልሱበት በ1913 እ.ኤ.አ. በራሱ ገንዘብ አሳትሟል። ከመለሱት አንዱ አንድሬ ዢድ በሚቀጥለው ዓመት መመለሳቸው ከባድ ስህተት እንደነበረና እንደሚጸጽተው ጽፎለታል። ታሪኩ ደስ ይላል። ፕሩስት ግን ሀብታም ነበር። ባይሸጥ ቤቱ አይፈርስም። አንተ የመጋዘን ደመወዝ አለህ፣ እናትም አለችህ።

አብሮኝ ያስተማረ አንድ ሰው 1,000 ቅጂ በብድር አሳትሞ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ግን ማን እንደሚሸጥለት አላሰበም። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ገቡ። ሁለተኛው ክረምት ላይ እርጥበት ገባቸውና ገጾቹ ተጣበቁ። ከደመወዙ ሲቆረጥበት ዓመታት ሄደ። ሁለተኛ መጽሐፍ አልጻፈም። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ብሩ አይደለም።

ራስህ ማሳተምህ አይቀር ይሆናል፣ አገራችን ላይ ብዙው ደራሲ እንደዚያ ነው። ግን መጀመሪያ ይጠር። 412ቱ ወደ 300 ቢወርድ ታሪኩም ይነሳል፣ የወረቀቱም ወጪ ይቀንሳል። ከዚያ አንዱን ምዕራፍ ብቻውን እንደ አጭር ልቦለድ አድርገህ ለመጽሔት ላክ፣ ስምህ ይሰማ። ከዚያ ወረቀት አውጣና «ይህን መጽሐፍ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛኝ» የምትላቸውን ሰዎች በስም ጻፍ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ ያሉ መደብሮችን አነጋግር። ዝርዝሩ ብድሩን የሚከፍል ሲሆን ያኔ ስለ ማሳተም እናወራለን።

አሳታሚም ጋ መሄድህን አትተው። አሁን ግን በሌሊት ተነስተህ አይደለም። መጀመሪያ ደውል። «ልቦለድ ትቀበላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ፣ አይ ካሉ የአውቶቡሱ ብር ተረፈህ። አዎ ካሉ ሦስት ምዕራፍና ታሪኩን በአንድ ገጽ ያጠቃለልክበትን ላክ እንጂ ሙሉውን አትስጥ። መልስ የሚሰጡበትን ቀን አስቆርጥ። ሦስት ወር ካለፈ ውሰድና ለሌላው ስጥ። ነገ የሚቀበልህ ስታገኝም ውሉን በወረቀት አድርገው። ስንት ቅጂ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለአንተ ስንት እንደሚደርስ ይጻፍ።

«እጄ አይታዘዘኝም» ላልከው፣ ልቦለዱን ለጊዜው አትንካው። እኔ በዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር መጨረሻ ላይ የተመለስኩት የጎረቤቶቼን ንግግር በቁርጥራጭ ወረቀት በመጻፍ ነው። አንዷ በአሥር ሳንቲም ጉዳይ ከባለሱቁ ጋር ስትከራከር የተናገረችውን ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። አንተም መጋዘኑን ጻፍ። ማን ካርቶን ሲያወርድ ምን ይላል? ፈረቃ ሲቀየር ማን ከማን ጋር ነው የሚወጣው? በቀን አምስት መስመር ይበቃል። ለማንም አታሳየው።

«ልተወው?» ላልከው ደግሞ፣ ልብስ ትቶ ደብተር የያዘ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሲደክመው አይደለም። አንብበህ፣ ቆርጠህ፣ ዳግም ሰጥተህ ሲያበቃ ጠይቀኝ።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ማየት እፈልጋለሁ። ይነሳል የተባለውን ማለቴ ነው፤ ምናልባት መጽሐፉ የሚጀምረው ከዚያ ይሆናል። በዝግጅት ክፍሉ በኩል ስልኬን እንዲሰጡህ ነግሬያቸዋለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፣ የቅዳሜ እረፍት ስታገኝ ብቅ በል። ሴቶቹ ዛሬም ይሰበሰባሉ፣ አሮጊቷ ብቻ የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ረቂቁን እንደ አባትህ አድርገህ አስረህ አምጣው። ቡናው ሲቀርብ ፊታችን ትፈታዋለህ።